ከአውሮፓ ጋር ሽርክና ስትጀምሩ ዋጋ የሚያስከፍሉ ስህተቶች

ከአለም ገና ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ የሙያ ማሠልጠኛ ግቢ ውስጥ የብረት መቁረጫ ማሽን ቆሟል። ከአውሮፓ በትብብር የመጣ ነው። ላስቲኩ እንኳ ሙሉ ለሙሉ አልተላጠለትም። የመጣ ቀን እኔም አስተርጓሚ ሆኜ እዚያው ነበርኩ። ሪባን ተቆረጠ፣ ቡና ተጠጣ፣ ፎቶ ተነሳን። እንግዶቹ ወደ ቦሌ ከሄዱ በኋላ ኤሌክትሪሺያኑ መጣ፤ ሶኬቱን አገላብጦ አየና "ይሄ እኮ ስሪ ፌዝ ነው" አለ። ማሽኑ የሚሠራው ባለ ሦስት መስመር ኤሌክትሪክ ነው ማለቱ ነው፤ ግቢው ያለው ግን ባለ አንድ መስመር፣ ሲንግል ፌዝ ነው። መመሪያው ደግሞ ጀርመንኛ።

በዚያ በር ባለፍኩ ቁጥር ይቆጨኛል። ላኪዎቹ ቅን ሰዎች ነበሩ፤ ተቀባዮቹም እንደዚያው። የጠፋው ጠያቂ ነው። እነሱ "መስመራችሁ ስንት ፌዝ ነው?" አላሉም። የእኛም ወገን ስጦታ ላይ ጥያቄ ማብዛት ነውር መስሎት ዝም አለ።

የምኖረው ሰበታ ነው። እዚህ፣ ገላንና ቃሊቲ ላሉ አነስተኛ ድርጅቶችና ኮሌጆች የውጭ ደብዳቤና ሰነድ አዘጋጃለሁ። የሚገጥመኝ ጣጣ አብዛኛው ከዚያ ማሽን ታሪክ ጋር አንድ ነው። እስቲ አንድ በአንድ ልንገራችሁ።

የመግባቢያ ሰነድን እንደ ውል መቁጠር

የመግባቢያ ሰነድ (ኤምኦዩ) ተፈረመ ማለት ትውውቅ ተጀመረ ማለት ነው። አብዛኛው ሰነድ ላይ ማን ምን ያህል እንደሚከፍል፣ ዕቃው ቢዘገይ ማን እንደሚጠየቅ አልተጻፈም። ፊርማው ባለቀ ማግስት ግን በእኛ በኩል ሠራተኛ ይቀጠራል፣ መጋዘን ይከራያል፣ ከባንክ የሚበደርም አለ። እኔ ደንበኞቼን ከፊርማው በፊት አንዲት ገጽ አስሞላቸዋለሁ። የሚሠራው ሥራ፣ የሚሠራው ሰው ስም፣ ቀኑ፣ ገንዘቡ ከማን ኪስ እንደሚወጣ። ያቺ ገጽ ካልሞላች ፊርማው ይቆይ።

በትልቁም ደረጃ ይኸው ስህተት አለ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2021 ግሎባል ጌትዌይ የተባለውን ዕቅድ ሲያስታውቅ እስከ 2027 ድረስ 300 ቢሊዮን ዩሮ ኢንቨስትመንት ለማንቀሳቀስ ነው ያለው፤ ለአፍሪካ ደግሞ 150 ቢሊዮን ተባለ። "ለማንቀሳቀስ" የምትለዋን ቃል ያዙልኝ። በብድር፣ በዋስትናና በግል ባለሀብቶች ገንዘብ ጭምር የሚሞላ ነው እንጂ ካዝና ውስጥ ተቆጥሮ የተቀመጠ ብር አይደለም። "የኛ ድርሻ እንዴት ይደርሰናል?" የሚሉኝ ሰዎች አሉ። የተመደበ ድርሻ የለም። ሒሳቡ የተመረመረና ባንክ ፊት የሚቆም ፕሮጀክት ይዞ መቅረብ ነው ያለው።

"ቀረጥ ነፃ ነው" ብሎ መዘናጋት

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ስለሆነ።

የአውሮፓ ኅብረት በኢኮኖሚ ዝቅተኛ ደረጃ ላይ ላሉ አገሮች ከጦር መሣሪያ በስተቀር ሁሉንም ምርት ያለ ቀረጥና ያለ ኮታ ማስገባት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። ኢትዮጵያም አለችበት። አሜሪካ በጃንዋሪ 2022 አጎዋ ከሚባለው የቀረጥ ነፃ ዕድሏ ካስወጣችን ወዲህ ፊቱን ወደ አውሮፓ ያዞረው ብዙ ነው፤ ደግ አደረገ። ግን የተነሳው ቀረጡ ብቻ ነው። የጤናው፣ የኬሚካሉና የምርቱ መነሻ ማስረጃ አልተነሳም። ለምሳሌ ጭነቱ ከ6,000 ዩሮ በላይ ከሆነ ላኪው ሬክስ በሚባለው የላኪዎች ምዝገባ ሥርዓት መመዝገብና የምዝገባ ቁጥሩን ከመነሻ መግለጫው ጋር ማስፈር አለበት። ያ ከሌለ ገዥው ቀረጡን ሊከፍል ነው። ከፍሎም ዝም አይልም፣ ከእናንተ ዋጋ ላይ ይቀንሳል።

አሁን ቡናን እንውሰድ። ባለፈው ቃሊቲ አካባቢ አንድ ላኪ ቢሮ ቁጭ ብለን ከገዥው የመጣ ኤክሴል ከፈትን። የገበሬው ስም፣ የማሳው ስፋት፣ ከዚያ ሁለት ዓምድ ለኬክሮስና ለኬንትሮስ፤ ከነጥብ በኋላ ስድስት አሃዝ ይጠይቃል። ላኪው ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው "ልጄ፣ የጅማ ቡና ነው ብለህ ጻፍላቸው" አሉኝ። እሳቸው በዕድሜያቸው ሙሉ ቡናን በመዓዛውና በቅምሻው የሚያውቁ ሰው ናቸው፤ ንግግራቸው እውነት ነው። ለአውሮፓው የደን ጭፍጨፋ መከላከያ ሕግ ግን አይበቃም። ቡናው የበቀለበት መሬት ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ተጨፍጭፎ የተገኘ አለመሆኑ በማሳ ደረጃ መታየት አለበት። ማሳው ከ4 ሄክታር በታች ከሆነ አንድ የቦታ ነጥብ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ዙሪያው በሙሉ ይለካል። የእኛ ገበሬ ማሳ አብዛኛው ትንሽ ስለሆነ አንድ ነጥብ ነው የሚፈለገው። ይሄ መልካም ዜና ይመስላል፤ አንድ ኮንቴይነር ለመሙላት የስንት ገበሬ ማሳ ላይ መቆም እንደሚያስፈልግ አስቡት። ሕጉ የሚጀመርበት ቀን ከአንድ ጊዜ በላይ ስለተራዘመ "ይቀራል" ብሎ የተቀመጠ አለ። መራዘም መቅረት አይደለም። ማሳ የመመዝገብ ሥራ በአንድ የምርት ወቅት አያልቅምና ከዩኒየኖቹና ከገበሬ ማኅበራቱ ጋር ዛሬ መጀመር ይሻላል። ወጪውን ማን እንደሚችል ደግሞ ገዥውን በግልጽ ጠይቁት። አሥር ዓመት አብሯችሁ የሠራ ገዥ የወጪውን ከፊል ሊሸፍን ይችላል፤ ግን ሳይጠየቅ አይሰጥም።

ማርም እንደዚያው ነው። ኢትዮጵያ ማር ወደ አውሮፓ እንዲያስገቡ በተፈቀደላቸው አገሮች መዝገብ ላይ የገባችው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። አገሪቱ ተፈቀደላት ማለት ግን የእናንተ በርሜል ተፈቀደ ማለት አይደለም። የኬሚካልና የመድኃኒት ቅሪት ምርመራ አለ። ሆለታ የንብ ምርምር ማዕከል ያለው እዚሁ አፍንጫችን ሥር ነው፤ ማር ልላክ የሚል ሰው ገዥ ከመፈለጉ በፊት እዚያ ጎራ ይበል።

ቆዳ ላይ ደግሞ አንዲት ቁጥር አለች። ከሰውነት ጋር የሚነካካ የቆዳ ምርት ውስጥ ክሮሚየም ስድስት የሚባለው ጎጂ ኬሚካል በኪሎ 3 ሚሊግራም ከደረሰ አውሮፓ ገበያ ላይ አይወጣም። ከ2015 ጀምሮ ነው። ጓንትና ጫማ የምትሠሩ፣ ቆዳውን ከፋብሪካ ስትገዙ የላቦራቶሪ ወረቀቱን አብራችሁ ጠይቁ።

ናሙና ሌላ፣ ጭነት ሌላ

ለሳምፕል የሚሄደው ቦርሳ ምርጡ ባለሙያ፣ በምርጡ ቆዳ፣ ሦስት ቀን ፈጅቶ የሚሠራው ነው። ትዕዛዙ 400 ሲሆን ግን ዚፑ ከመርካቶ የተገኘው ይሆናል። ገዥው አንዴ ዝም ይላል፤ ሁለተኛ አይመጣም። ናሙናውን በየቀኑ ልታመርቱት በምትችሉት ደረጃ ሥሩት፤ በቃ።

ሰዓትና ቀን

ቀላል ይመስላል፣ ግን ስንት ስብሰባ ቀርቷል። "በ3:00 እንገናኝ" ተብሎ ሲጻፍ የኛ ሰው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ይጠብቃል፣ ያኛው ከሰዓት በኋላ ነው የሚከፍተው። ሁልጊዜ "በአዲስ አበባ ሰዓት" እና "በብራስልስ ሰዓት" ብላችሁ ሁለቱንም ጻፉ። ልዩነቱ በክረምታቸው ሁለት ሰዓት፣ በበጋቸው አንድ ሰዓት መሆኑንም አትርሱ። ወሩንም በቁጥር ብቻ አትጻፉ። እነሱ ኦገስት ላይ ቢሮ ዘግተው ይሄዳሉ፤ የእኛ በጀት ደግሞ ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ከዚያ ጳጉሜንና እንቁጣጣሽ ይመጣል። ሁለቱ ሲደመሩ ክረምቱ ሙሉ በከንቱ ያልፋል። ጉዳያችሁን እስከ ሰኔ ጨርሱ።

ቪዛውም ከዚሁ ጋር ነው። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 በኢትዮጵያውያን አመልካቾች ላይ ገደብ ጥሏል፤ የሸንገን ማመልከቻ መደበኛ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ወጣ፣ ብዙ ጊዜ የሚያስገባው ቪዛም ቀረ። ለኤግዚቢሽን በሦስት ሳምንት እንደርሳለን ማለት አይሆንም። ከጉዞው ስድስት ወር ቀድሞ ማመልከት ይቻላልና የግብዣ ደብዳቤውን አስቀድማችሁ አስልኩ።

መሬቱ በማን ሥር እንደሆነ ሳያጣሩ ሽርክና መግባት

ባዕዱ ባለሀብት "አዲስ አበባ አጠገብ" ሲባል አዲስ አበባ ይመስለዋል። ቂሊንጦና ቦሌ ለሚ አዲስ አበባ ናቸው፤ ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታና ገላን ግን ኦሮሚያ ናቸው፣ አሁን በሸገር ከተማ ሥር። የኢንቨስትመንት ፈቃዱ ከፌዴራል ቢወጣም የመሬቱ ጉዳይ የሚያልቀው መሬቱ ባለበት ነው። "እኔ መሬት አዋጣለሁ፣ አንተ ማሽን" የሚባለው ሽርክና ላይ በተለይ ተጠንቀቁ። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ የሚዋጣው የሊዝ መብቱ ነው። ሊዙ ተከፍሏል ወይ? ለየትኛው አገልግሎት ነው የተሰጠው? ወደ ማኅበሩ ስም ይዞራል? ሦስቱ መልስ ሳያገኙ ማሽን ከጅቡቲ የተነሳበት ጉዳይ አውቃለሁ፤ ማሽኑ መጋዘን ኪራይ እየበላ ከረመ።

ሌላም አለ። በ2012 ዓ.ም. በወጣው የኢንቨስትመንት አዋጅ የውጭ ባለሀብት ለአንድ ፕሮጀክት ቢያንስ 200,000 ዶላር መመደብ አለበት፤ ከአገር ውስጥ ባለሀብት ጋር በቅንጅት ከሆነ 150,000 ይበቃዋል። አንዳንዱ ሃምሳ ሺውን ለማትረፍ ሲል ብቻ የአንድ ኢትዮጵያዊ ስም ያስገባል። ወገኔ፣ ስማችሁን አታበድሩ። ትርፍ ሲመጣ አትጠሩም፣ ግብር ሲመጣ ግን ትጠራላችሁ።

ትምህርትን ሰው መላክ ብቻ ማድረግ

ኮሌጆቻችን "ትብብር" ሲሉ ብዙ ጊዜ ስኮላርሺፕ ማለታቸው ነው። ሁለት መምህር ይሄዳል፣ አንዱ አይመለስም፣ ወርክሾፑ እንደነበረው ይቀራል። ሁሉም ነገር በአንድ ዲን ኢሜይል ላይ የተንጠለጠለበትም አለ፤ ዲኑ ሲቀየር የይለፍ ቃሉም፣ ወዳጅነቱም አብሮ ይጠፋል። የሚሻለው ተማሪው ጥናቱን እዚህ ሠርቶ ለተወሰነ ወር ብቻ እየሄደ የሚጨርስበት ሳንድዊች የሚሉት አሠራር ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ከቤልጅየም ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ለዓመታት የዘለቀው ብዙ ትምህርት ክፍሎችንና ብዙ ሰዎችን አንድ ላይ ስላስገባ ይመስለኛል። በሙያ ሥልጠና ደግሞ ከሁሉ በፊት የጥገና ባለሙያ እንዲሠለጥን ጠይቁ። ማሽን ከመጠየቃችሁ በፊት።

እሺ

ከሁሉ ያከበድኩት ይሄን ነው። እኛ "እሺ" ስንል "ሰምቻለሁ" ማለታችን ሊሆን ይችላል። እነሱ "ይደረጋል" ብለው ይመዘግቡታል። በይሉኝታ የተባለች አንዲት እሺ ሽርክናን ታፈርሳለች።

ድሮ አበባ እርሻ ውስጥ ሠርቻለሁ፤ ወደ ሆላንድ ጽጌረዳ ይላካል። ለፌብሩዋሪ 14 የሚሄደው ጭነት፣ በእኛ የካቲት 7 ወይም 6 ለሚውለው ቀን፣ ሁላችንንም ሌሊቱን ሙሉ ያቆመን ነበር። አንድ ሌሊት የመኪናው ማቀዝቀዣ መንገድ ላይ ቆመ። ሾፌሩ ደወለ። ኃላፊው ስልኩን ዘግቶ "ገዥው ከሰማ ውል ይሰርዛል፣ ዝም በሉ" አለ። ሳጥኖቹ ደረሱ፤ እንቡጦቹ ጫፋቸው ቡናማ ሆኖ ግራጫ ሻጋታ ይዘው ነበር። ገዥው በኋላ ስልክ ላይ የነገረኝ ነገር አሁንም ይሰማኛል፤ በዚያው ሌሊት ቢነገረው ከሌላ እርሻ ይሞላ ነበር፤ የተቆጣው በአበባው ሳይሆን በዝምታው ነው። ውሉ ተሰረዘ። ከዚያ ወዲህ መጥፎ ዜና ካለ በሌሊትም ቢሆን እጽፋለሁ።

ለዚያ ማሽንም ጻፍን። ባለፈው ወር ከአሠልጣኙ ጋር ቁጭ ብለን አሥራ አንድ ጥያቄ ዘረዘርንና ላክን። የእንግሊዝኛው መመሪያ ኖሮ ፒዲኤፉ በማግስቱ መጣ። የስሪ ፌዝ ማመልከቻውም ገብቷል፤ ቆጣሪውን እየጠበቅን ነው።