ቫይረስ ለመከላከል ቨርቹዋል ማሽን ስትጠቀሙ እነዚህን አታድርጉ

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ የሼርድ ፎልደር ነገር ነው። ሰው ቨርቹዋልቦክስ ላይ (ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር፣ ማለትም ቨርቹዋል ማሽን የሚፈጥር ፕሮግራም ነው) ዊንዶውስ ይጭናል፤ ከቴሌግራም ያወረደውን ክራክ (ያለ ክፍያ እንዲሠራ የተሰበረ ፕሮግራም) እዚያ ውስጥ ሊሞክር ያስባል። እስከዚህ ደህና። ከዚያ ፋይል ማመላለስ እንዳይቸግረው የዋናውን ኮምፒውተር ዲ ድራይቭ እንዳለ ሼር ያደርገዋል፤ «ሪድ ኦንሊ» (ማንበብ ብቻ) የምትለዋን ሳጥን እንኳ አይነካትም። አጥር አጥሮ በሩን ነቅሎ መጣል ነው! ክራኩ ራንሰምዌር (ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ) ከያዘ፣ ራንሰምዌሩ ከቨርቹዋል ማሽኑ ሰብሮ መውጣት አያስፈልገውም፤ የተከፈተለትን ድራይቭ ፋይል በፋይል ይቆልፈዋል። አንድ የማስተርስ ተማሪ ላፕቶፑን ይዞልኝ የመጣው እንዲህ ሆኖ ነው። «ስናፕሾት (የቨርቹዋል ማሽኑ የቀድሞ ሁኔታ ቅጂ) አለኝ» ብሎ ተስፋ አድርጎ ነበር። ወደ ኋላ ሲመልሰው ቨርቹዋል ማሽኑ ንጹሕ ሆነ፣ የመመረቂያ ጽሑፉ ግን እንደተቆለፈ ቀረ። ስናፕሾት የሚመልሰው የቨርቹዋል ማሽኑን ዲስክ ነው፤ ሼር የተደረገው ፎልደር የሚገኘው ዋናው ኮምፒውተር ላይ ነው። እባካችሁ፣ የግድ ከሆነ አንድ ባዶ ፎልደር ፍጠሩ፣ ሪድ ኦንሊ አድርጉት፣ ስትጨርሱ ሼሩን አንሱት።

የጋራ ክሊፕቦርዱንም ዝጉት። ዋናው ኮምፒውተር ላይ ኮፒ ያደረጋችሁትን ፓስወርድ፣ ቨርቹዋል ማሽኑ ውስጥ ያለው ማልዌር (ጎጂ ፕሮግራም) ሊያነበው ይችላል።

ኔትወርኩን ብሪጅድ አድርጎ አጠራጣሪ ፋይል መክፈትም አለ። ያኔ ቨርቹዋል ማሽኑ ከራውተሩ የራሱን አይፒ (የኔትወርክ አድራሻ) ወስዶ ከቤተሰቡ ኮምፒውተሮች ጎን ይቀመጣል። በ2017 ዋናክራይ የተባለው ራንሰምዌር ያን ያህል የተስፋፋው በኔትወርክ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ራሱን እያሻገረ ነው። «እኔ ናት ላይ ነኝ» (ቨርቹዋል ማሽኑ በዋናው ኮምፒውተር አይፒ ተከልሎ የሚወጣበት ቅንብር ነው) የምትሉም አትዘናጉ፤ ናት ከውጭ የሚገባውን እንጂ ከቨርቹዋል ማሽኑ ወደ ቤቱ ኔትወርክ የሚወጣውን አያግድም። ፋይሉ ኢንተርኔት ካልፈለገ ኔትወርኩን ጭራሹኑ አጥፉት።

ቨርቹዋል ማሽኑ ውስጥ የከፈታችሁትን ፍላሽ መልሳችሁ ዋናው ላይ አትሰኩ።

ቨርቹዋል ማሽኑን የሚያሠራውን ፕሮግራም አፕዴት አድርጉ። በ2015 ይፋ የሆነው ቬኖም የተባለ ክፍተት ከቨርቹዋል ማሽን ወደ ዋናው ኮምፒውተር መውጫ የሚከፍት ነበር፤ የተገኘውም ማንም በማይጠቀምበት የፍሎፒ ድራይቭ ኮድ ውስጥ ነው።

ጀማሪዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ሌላ ነገር አለ፦ ዋናው ኮምፒውተር ቫይረስ ካለበት ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ገብቶ ባንክ መክፈት ያድናል ወይ? አያድንም። የምትጽፉት በዋናው ኪቦርድ ነው፤ ዋናው ላይ ኪሎገር (የምትጽፉትን የሚቀዳ ቫይረስ) ካለ ሁሉንም ያያል። መጀመሪያ ዋናውን ኮምፒውተር ፎርማት አድርጉ።