ስዊድንን ከምድር ቤቱ ጀምሩ

ስቶክሆልም የደረስኩት በኅዳር ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጨልሟል። አሁን አዲስ የመጣ ሰው «ስለ አገሩ ምን ልወቅ?» ሲለኝ ንጉሡንም ኖቤልንም አቆይቼ ምድር ቤት ይዤው እወርዳለሁ፤ ትቬትስቱጋ ወደሚሉት የጋራ ልብስ ማጠቢያ።

በሩ አጠገብ ቀንና ሰዓት ያለበት ሰሌዳ አለ። የቤታችሁ ቁጥር ያለባትን መቆለፊያ በመረጣችሁት ሰዓት ላይ ሰክታችሁ ትቆልፋላችሁ (አሁን ብዙ ቦታ በስልክ ሆኗል)፤ ያ ሰዓት የእናንተ ነው። ሲያልቅ ልብሱ ወጥቶ፣ የማድረቂያው ማጣሪያ ላይ የተጠራቀመው ብናኝ ተጠርጎ፣ ወለሉ ተወልውሎ መገኘት አለበት። እኔ በመጀመሪያው ወር ብናኙን ረሳሁት። በማግስቱ ማሽኑ ላይ ወረቀት ተለጥፏል፦ ስም የለው፣ ስድብ የለው፣ መጨረሻው ላይ ሦስት ቃለ አጋኖ። በሬን አንኳኩተው ቢቆጡኝ በወደድኩ! መልስ አትጻፉ። ቀጥሎ ስታጥቡ ጥረጉ፣ በቃ።

ሰው ስትጠሩ «እርስዎ»ን እርሱት። በ1967 እ.ኤ.አ. ብሩር ሬክሴድ የሚባል የአገሪቱ የጤና መሥሪያ ቤት አዲስ ኃላፊ ሠራተኞቹን በሙሉ «ዱ»፣ ማለትም አንተ፣ አንቺ እያለ እንደሚጠራ ተናገረ። ልማዱ ቀድሞም ተጀምሮ ነበር፤ ስሙ ግን ከእሱ ጋር ቀረ። ሐኪሙም አለቃውም በስማቸው ይጠራሉ። የሰማንያ ዓመት ጎረቤቴን «አንቺ» ለማለት እኔ ዓመት ፈጅቶብኛል። ንጉሡ ግን እስከ ዛሬ «ዱ» አይባሉም።

መሥሪያ ቤት ውስጥ ፊካ ሲባል ሥራችሁን አቁማችሁ ተነሡ፤ ሁልጊዜ መቅረት ሰው መጥላት ይመስላል። ቡናና የቀረፋ ዳቦ ነው። ቶናና በረካ አትጠብቁ፤ ሩብ ሰዓት ሲሞላ ሁሉም ወደ ቦታው ነው። ቤት ከተጋበዛችሁ በሰዓቱ ድረሱ፣ ጫማ በር ላይ ይወልቃል።

ሚድሶማር የሚሉት የበጋ አጋማሽ በዓል ዋዜማ ከሰኔ 12 እስከ 18 ባለው ዓርብ ላይ ይውላል። ብዙ ሱቅ በዚያ ቀን ቀደም ብሎ ስለሚዘጋ አስቤዛችሁን ሐሙስ ጨርሱ። ወይንና ጠንካራ መጠጥ የሚሸጠው የመንግሥቱ መደብር በዋዜማውም በየእሑዱም ዝግ ነው።

ያ ሁሉ ደንብ ጫካ ስትገቡ ይላላል። አለማንስሬተን በሚባለው መብት ባለቤቱን ሳታስፈቅዱ በሰው ጫካ መሄድ፣ የዱር እንጆሪና እንጉዳይ መልቀም ትችላላችሁ፤ ከሰው ግቢና ከእርሻው ግን ራቁ። ካንታሬል የሚባለው ቢጫ እንጉዳይ የት እንደሚበቅል ደግሞ ስዊድናዊ አትጠይቁ። ጎረቤቴ እስከ ዛሬ አልነገረችኝም። እኔም አንድ ቦታ አግኝቻለሁ፤ አልነግራችሁም።