ንቀሉልኝ ያለ ሁሉ አይነቀልለትም

ድሬዳዋ ውስጥ ጥርስ ማከም ለጀመራችሁ ልጆች ነው የምጽፈው። ሥነ ምግባርን ስንማር ቀላል ይመስል ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ሲያመው ያደረ ሰው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ «አቦ ዶክተር፣ ንቀለውና ልገላገል!» ሲላችሁ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ከዚሁ ልጀምር፣ በየቀኑ የሚገጥማችሁ ይሄ ስለሆነ። ጥርሱ ሊድን ይችላል። ሩት ካናል (የሥሩ ውስጥ ጽዳትና ሙሌት) ተሠርቶለት ክራውን (የጥርስ ሽፋን) ቢደረግበት ብዙ ዓመት ሊያገለግል ይችላል። ግን መመላለስ አለው፣ ዋጋውም ከመንቀል በብዙ ይበልጣል፣ ሰውየው ደግሞ ከገጠር መጥቶ ዛሬውኑ የሚመለስ ነው። እኔ መጀመሪያ ሕመሙን አስታግሳለሁ። እያመመው ያለ ሰው የሚወስነው ለሕመሙ ነው፤ ስለ ጥርሱ ማሰብ የሚችለው ሲደነዝዝለት ነው። ከዚያ ራጁን አሳዩት፣ ያሉትን አማራጮች ከነዋጋቸው ንገሩት፣ ከተነቀለ በኋላ የጎኖቹ ጥርሶች ወደ ክፍተቱ ሊያዘነብሉ እንደሚችሉም አትደብቁት። ይሄን ሁሉ ሰምቶ አሁንም ይነቀል ካለ ንቀሉለት። ገንዘብ ስላጠረው አትቆጡት። ካርዱ ላይ ግን የነገራችሁትንና እሱ የመረጠውን ጻፉ።

ወርቅ ላስገባበት ብሎ ደህና ጥርሱን ሞርዱልኝ ለሚል ግን የእኔ መልስ አይሆንም ነው። የተሞረደ ኢናሜል፣ ማለትም የጥርሱ ጠንካራ ውጫዊ ሽፋን፣ ተመልሶ አይበቅልም።

ልጆች ላይ ደግሞ ከሁሉም በላይ ተጠንቀቁ። አንዲት እናት ከመጋላ ሰፈር የሰባት ዓመት ልጇን ይዛ መጣች። የታች መንጋጋ ጥርሱ ተቦርቡሯል። «የወተት ነው፣ ይነቀልና ሌላ ይበቅላል» አለችኝ። የወተት አልነበረም። በ6 ዓመት አካባቢ የሚወጣው ቋሚ መንጋጋ የሚበቅለው ከወተት ጥርሶቹ ኋላ ነው፣ ለእሱ ብሎ የሚወድቅ ጥርስ ስለሌለ ብዙ ወላጅ መውጣቱን እንኳን አያውቅም። ልጁን አፍህን ክፈት አልኩትና ለእናትየው ከፊት መሐል ጀምረሽ ቁጠሪ አልኳት። በጣቷ እየጠቆመች ቆጠረች። ስድስተኛው ላይ ስትደርስ ጣቷ እዚያው ቀረ። «እና ይሄ ከሄደ ሄደ ማለት ነው?» አለች። ሞላነው። እናንተም አትከራከሩ፣ አስቆጥሩ።

የእኛ ከተማ ሌላ ፈተና ቋንቋ ነው። እናትየዋ ሶማልኛ ወይም ኦሮምኛ ብቻ ትናገራለች፣ ልጇ ያስተረጉማል፣ ቀስ በቀስ እናንተም ከልጁ ጋር ብቻ ታወራላችሁ። ጥርሱ የእሷ ነው! ቋንቋውን የሚችል ነርስ ወይም የካርድ ክፍል ሠራተኛ ጥሩና ምን እንደሚደረግላት በራሷ አፍ መልሳ እስክትነግራችሁ ድረስ መሣሪያ አታንሱ።

ስለ ጫትም ሳትፈርዱ ጠይቁ። ፊታችሁን ካጨማደዳችሁ አልቅምም ይላችኋል፤ እናንተ ደግሞ ማወቅ አለባችሁ፣ ምክንያቱም ጫት የልብ ምትና ግፊት ይጨምራል፣ ብዙዎቹ ማደንዘዣዎቻችን ደግሞ እንደዚሁ የልብ ምት የሚያፈጥን አድሬናሊን አለባቸው። ከነቀላ በኋላ በርጫው ለጥቂት ቀን እንዲቀር ለምኑት፣ የረጋው ደም ከቦታው ከተነሳ ሕመሙ ከመጀመሪያው የባሰ ነው።

መብራት ሲሄድስ? አውቶክሌቩ (ዕቃ በእንፋሎት የምናመክንበት ማሽን) ዙሩን ሳይጨርስ ቆሟል፣ ውጭ ወረፋው ረዝሟል፣ አንዱ «በአልኮል ጠርገን እንሥራ» ይላል። አይሠራም። ዙሩን (121 ዲግሪ ላይ ከሆነ ቢያንስ 15 ደቂቃ) ያልጨረሰ ዕቃ ሰው አፍ ውስጥ አይገባም። ወጥታችሁ ለሰዉ እውነቱን ንገሩት፣ ቀጠሮ ስጡ። ኤችአይቪ እንዳለበት የነገራችሁን ሰው ደግሞ ወደ ወረፋው መጨረሻ አትግፉት፣ ካርዱ ሽፋን ላይም ምልክት አታድርጉ። ጥንቃቄው ለሁሉም ታካሚ አንድ ነው።

ታካሚው ከሚከፍለው በፐርሰንት እየተከፈላችሁ የምትሠሩ ከሆነ አንድ ልማድ ያዙ፦ ራጁን አይታችሁ ምን እንደሚያስፈልግ ካርዱ ላይ ሳትጽፉ የዋጋ ዝርዝሩን አትመልከቱ። ሙሌት የሚበቃውን ጥርስ ሩት ካናል ያስፈልገዋል ማለት ስርቆት ነው።

በጣም የከበደኝ ግን የራሴ ጥፋት ነው። ተቀጥሬ በምሠራበት ክሊኒክ፣ በግንቦት ሙቀት፣ ሩት ካናል እየሠራሁ ፋይሉ (ሥሩን የምናጸዳበት ቀጭን መሣሪያ) ሥሩ ውስጥ ተሰበረብኝ። ጣቴ ላይ ተሰማኝ፤ ሳወጣው ጫፉ የለም። የክሊኒኩ ባለቤት በጆሮዬ «ዝም ብለህ ሙላው፣ ምንም አይሆንም» አለኝ። ዝም አልኩ። ሰውየው አመስግኖኝ፣ ከፍሎ ሄደ። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም፣ በማግስቱ ደውዬ ጠራሁት። ተናደደ፣ የተናደደውም ፋይሉ ስለተሰበረ ሳይሆን ትናንት ስላልነገርኩት ነበር፣ ልክ ነበረ።

ስለዚህ ሲደርስባችሁ እዚያው፣ ከወንበሩ ሳይነሳ ንገሩት። ራጅ አንሱና ቁራጩን አሳዩት። የተሰበረ ፋይል ያለበት ጥርስ ሁሉ አይበላሽም፣ ይሄንንም ንገሩት፣ ግን ክትትል እንደሚፈልግ አስረዱት። ለክትትሉ ራጅ አታስከፍሉት። ወደ ሌላ ሐኪም ልሂድ ካለ ደግሞ ራጁን አስይዙትና የትኛው ጥርስ፣ የትኛው ሥር፣ ስንት ሚሊሜትር እንደቀረና ቀኑን ጽፋችሁ፣ በስማችሁ ፈርማችሁ ስጡት።