ከድምፅ ኦፕራሲዮን በኋላ፦ አዲስ አበባ ላይ ስናገግም የምንሠራቸው ስህተቶች

ድምፅን የሚያቀጥነውን ኦፕራሲዮን የተሠራሁት ባንኮክ ነው። ያገገምኩት ግን እዚሁ አራት ኪሎ፣ ግቢ ውስጥ በተከራየኋት አንዲት ክፍል ነው። ይህን የምጽፈው ተራዋን ለምትጠብቅ ትራንስጀንደር እህቴ ነው።

መጀመሪያ ምን እንደሚደረግ ልንገርሽ። ጀርመናዊው ሐኪም ቬንድለር በጀመረው ዘዴ የድምፅ አውታሮች ከፊት በኩል አንድ ላይ ይሰፋሉ። የሚርገበገበው ክፍል ያጥራል፤ ድምፁም ይቀጥናል። አዝማሪ የማሲንቆውን ጭራ በጣቱ ሲያሳጥረው እንደሚሆነው ማለት ነው። ስፌቱ እስኪድን ድረስ ዋናው ሥራሽ እሱን መጠበቅ ነው።

እኔ የመጀመሪያውን ስህተት የሠራሁት ገና አውሮፕላን ላይ ነው። አስተናጋጇ ምን እንደምፈልግ ስትጠይቀኝ «ውሃ» ብዬ በሹክሹክታ መለስኩላት። ሹክሹክታ እንደ መናገር አይቆጠርም ብዬ ነበር። ይቆጠራል። ብዙ ሰው ሲያንሾካሹክ ሳያውቀው ጉሮሮውን ያጠብቃል። ሐኪም ዝም በይ ሲልሽ ሹክሹክታንም ጨምሮ ነው።

ሁለተኛውና ትልቁ ስህተት ለዝምታው ሳይዘጋጁ መምጣት ነው። ዝምታው ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ነው፤ ትክክለኛውን ቀን የሠራሽ ሐኪም ይነግርሻል። ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ግን ይህ ከተማ ዝም የሚል ሰው አይወድም። ጎረቤት «እንዴት አደርሽ፣ ደህና ነሽ ወይ» ብላ ደጋግማ ስትጠይቅ ራስ መነቅነቅ ኩራት ይመስላል። ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ካላልሽ ፌርማታሽ ያልፍሻል። ራይድ ስትጠሪ ደግሞ ሾፌሩ «የት ጋ ነሽ?» ብሎ ይደውላል። እኔ አንድ ወረቀት ጽፌ ቦርሳዬ ውስጥ ያዝኩ፦ «የጉሮሮ ኦፕራሲዮን ተደርጎልኛል፤ ሐኪም መናገር ከልክሎኛል።» ለረዳቱ ገና ስገባ የምወርድበትን ስልኬ ላይ ጽፌ አሳየዋለሁ። ወረቀቱ ላይ ያለው እያንዳንዱ ቃል እውነት ነው። ከዚያ በላይ ለማንም የማስረዳት ግዴታ የለብሽም። እዚህ አገር ስለ ራሳችን ለማን እንደምንናገር መምረጥ የደህንነት ጉዳይ ነው።

ባንኮክ ያለ ሐኪም ሊነግርሽ የማይችለው አንድ ነገር ደግሞ አለ። ሰው ሲያወራን ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ ስበን የምንላት «አዎ» አለች አይደል? እሷ ሳይታወቅሽ ታመልጥሻለች። እኔ በመጀመሪያው ቀን ስንት ጊዜ እንዳመለጠችኝ አልቆጠርኩም። ከጉዞሽ በፊት ቤት ውስጥ ለጥቂት ቀናት ዝም ብለሽ ተለማመጂ።

ከዚያ የሚመጣው የጉሮሮ ጉዳይ ነው። አክታ ያለ ይመስልሻል፤ «እህህ» ብለሽ መጥረግ ያምርሻል። አትጥረጊ። አውታሮቹ በኃይል ይጋጫሉ። ትንሽ ውሃ ጎንጨት በይና ዋጪ። አከራዬ እትዬ፣ እግዜር ይስጣቸው፣ ፌጦ በሎሚ በጥብጠው ይዘውልኝ መጡ። ፍቅራቸውን ተቀበልኩ፤ ፌጦውን ግን አልጠጣሁም። የሚያቃጥልና የሚያስል ነገር ሁሉ ለሌላ ጊዜ ይቆይ። የእጣን ጭስም እንዲሁ። ቡና ሲፈላ ከረከቦቱ ርቀሽ በሩ አጠገብ ተቀመጪ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በበጋ አየሩ ደረቅ ነው፣ መንገድና ሕንፃ ሲቆፈር ደግሞ አቧራ አለ። ማስክ አድርጊ፣ ውሃ ቶሎ ቶሎ ጠጪ።

ቃርን መናቅም ስህተት ነው። የጨጓራ አሲድ ሌሊት ወደ ላይ ሲመጣ ያልዳነውን ቦታ ይልጠዋል። በርበሬ፣ ሚጥሚጣና ቃሪያ ቀንሺ። ከእራት በኋላ ሦስት ሰዓት ያህል ሳትተኚ ቆዪ፤ ትራስሽን ከፍ አድርጊ። የታዘዘልሽን የአሲድ መድኃኒት ተሻለኝ ብለሽ አታቋርጪ። ከጾም ወቅት ጋር ከተገጣጠመ ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለ ውሃ መቆየት ጉሮሮን ያደርቃል። ለታመመ ሰው ጾም እንደሚቀልለት የንስሐ አባትሽ ያውቃሉ።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ጀሪካን አታንሺ። ከባድ ነገር ስናነሳ ትንፋሻችንን ይዘን አውታሮቹን እንጨፍናለን፤ ያ ግፊት ስፌቱ ላይ ያርፋል። የሰፈር ልጅ ይዞልሽ ይምጣ።

አሁን ልብ ወደሚሰብረው ስህተት ልምጣ። ዝምታው አልቆ የመጀመሪያውን ቃል ስትናገሪ የሚወጣው ድምፅ ሻካራ ነው፤ እንዲያውም ወፍራም ሊሆን ይችላል። እኔ መስታወት ፊት ቆሜ ስሜን ጠራሁ። ከዚያ አለቀስኩ። ያ ድምፅ ግን እብጠቱ ነው። ለውጡ በወራት ነው የሚመጣው፤ እስከ ዓመት ድረስም ይሻሻላል። በየቀኑ በስልክ አፕ ሄርዝ (የድምፅ ቅጥነት መለኪያ) አትቁጠሪ። የሴቶች የንግግር ድምፅ በአማካይ ወደ 200 ሄርዝ ይጠጋል፤ ግን ቁጥሩ ብቻውን ድምፅን የሴት አያደርገውም። ኦፕራሲዮኑ ቅጥነትን እንጂ ድምፁ አፍና ጉሮሮ ውስጥ የሚያስተጋባበትን መንገድ አይለውጥም፤ የንግግርሽን ዜማም እንዲሁ። ይህን የሚሠራው ልምምድ ነው። «ተሠርቻለሁ፣ በቃ» ብለሽ ልምምዱን አትተዪ። እኔ ከስፒች ቴራፒስት፣ ማለትም ከንግግርና ድምፅ ባለሙያ፣ ጋር በቪዲዮ ነበር የምሠራው። ሆርሞንም አያግዝሽም፤ የሴት ሆርሞን የሚባለው ኤስትሮጅን ቀድሞ የወፈረን አውታር አያቀጥንም።

የሕክምና ወረቀትሽን ሳትይዢ እንዳትመለሺ። ትንፋሽ ካጠረሽ፣ ደም ካየሽ ወይም ካተኮሰሽ ሳትውይ ሳታድሪ ሐኪም ጋ ሂጂ፤ የአንገት በላይ ስፔሻሊስቱ ምን እንደተሠራ ማወቅ አለበት። ከዓመታት በኋላ ለሌላ ኦፕራሲዮን ብትተኚም ለማደንዘዣ ባለሙያው ንገሪው። መተላለፊያው ስለጠበበ ቀጠን ያለ ቱቦ ያስፈልግሻል።

የመጨረሻው እልልታ ነው። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ በአራተኛው ወር የእህቴ ልጅ ክርስትና ነበር። ሴቶቹ እልል ሲሉ ጉሮሮዬ ሊቀድመኝ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ከእነሱ ጋር ሆኜ እልል ማለት እፈልግ ነበር። ሐኪሜ ግን ጩኸትን ገና አልፈቀደልኝም። አፌን በነጠላዬ ሸፍኜ አጨበጨብኩ። አጠገቤ የነበሩ አንዲት እናት ዞር ብለው «የኔ ልጅ፣ አንቺም በይ እንጂ!» አሉኝ። በቀስታ፣ በአዲሱ ድምፄ፣ «እሺ እማማ፣ ለሚቀጥለው» አልኳቸው።