ድሮናችሁ አልነሳ ወይ አልበር ካለ፦ ከምልክቱ ተነስቶ ችግሩን ማግኘት

ኳድኮፕተር (ባለ አራት ሞተር ድሮን) ገጣጥሞ በመጀመሪያው ቀን ያለምንም ችግር ሚያስነሳ ሰው ብዙም የለም። ችግር ሲመጣ ደግሞ አብዛኛው ሰው ቶሎ ብሎ ፒአይዲ ቁጥሮቹን (ድሮኑ አየር ላይ ሚዛኑን እንዴት እንደሚጠብቅ ሚወስኑትን) መነካካት ይጀምራል፣ እኔ ግን እሱን እስከመጨረሻው አትንኩት ነው ምላችሁ፣ ምክንያቱም ጀማሪን ሚያስቸግረው ነገር በብዛት ሶልደሩ፣ ሽቦው ወይ የሞተሩ አቅጣጫ ላይ ነው ያለው። አንድ ጊዜ ላይ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፣ ሶስት ነገር ባንዴ ቀይራችሁ ቢሰራላችሁ እንኳን የቱ እንደነበር አታውቁትም።

ሌላው ደግሞ ጠረጴዛ ላይ እስካላችሁ ድረስ ፕሮፔለሩ ይውለቅ፣ ባለ 5 ኢንች ፕሮፔለር ጣት ይቆርጣል፣ "ለአንድ ደቂቃ ነው" ሚባል ነገር የለም።

ኮምፒውተሩ ቦርዱን አያየውም
ቦርድ ምለው ድሮኑን ሚቆጣጠረውን ፍላይት ኮንትሮለር ነው። መጀመሪያ ኬብሉን ቀይሩ። ብዙ የስልክ ኬብል ቻርጅ ብቻ ነው ሚያደርገው፣ ዳታ አያሳልፍም። ዳታ ሚያሳልፍ ኬብል ሆኖም እምቢ ካለ ድራይቨሩን ጫኑ፣ ካልሆነ ቦርዱ ላይ ያለችውን ቡት ሚለውን ትንሽ በተን ተጭናችሁ ዩኤስቢውን ሰኩና ፈርምዌሩን (ቦርዱ ውስጥ ያለውን ሶፍትዌር) እንደገና ጫኑት። ስትጭኑ የቦርዱን ትክክለኛ ስም ምረጡ፣ "ይመስላል" አይሰራም።

ባትሪ ሲሰካ ምን ይፈጠር ይሆን ብላችሁ ከፈራችሁ
መፍራታችሁ ልክ ነው። ከመሰካታችሁ በፊት መልቲሜትሩን ድምጽ ሚያሰማው ላይ አድርጋችሁ ድሮኑ ላይ ያለውን የባትሪ ሽቦ ፕላስና ማይነስ ንኩ። ትንሽ ጢጥ ብሎ ዝም ካለ ካፓሲተሩ እየሞላ ነው፣ ችግር የለውም። ሳያቋርጥ ከጮኸ ግን ሾርት አለ፣ የፈሰሰ ሶልደር ሁለት ፓድ አገናኝቶ ይሆናል፣ እሱን ሳታጸዱ እንዳትሰኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሰኩ ደግሞ ስሞክ ስቶፐር ተጠቀሙ፣ ሾርት ካለ ከረንቱን ይገድበውና ቦርዱን ያተርፍላችኋል። ኤክስቲ60ውን (የባትሪ መሰኪያውን) ስትሰኩ ብልጭ ሚለው ትንሽ እሳት ግን ኖርማል ነው።

ሪሞቱን ባንቀሳቅስም ስክሪኑ ላይ ምንም አይንቀሳቀስም
ሽቦው ይጣረሳል፦ የሪሲቨሩ (ከሪሞቱ ሲግናል ሚቀበለው) ቲኤክስ፣ ማለትም መላኪያው፣ ወደ ቦርዱ አርኤክስ፣ ማለትም መቀበያው፣ የሪሲቨሩ አርኤክስ ወደ ቦርዱ ቲኤክስ። ከዛ ቤታፍላይት (ቦርዱን በኮምፒውተር ምታስተካክሉበት ፕሮግራም) ፖርትስ ገጽ ላይ ሲሪያል አርኤክስ ሚለውን ሪሲቨሩን ያያያዛችሁበት ዩአርት (የቦርዱ ዳታ መስመር) ላይ ብቻ አብሩት፣ ሪሲቨር ገጽ ላይ ፕሮቶኮሉን ምረጡ። የሪሞትና ሪሲቨራችሁ ሲስተም ኤክስፕረስ ኤልአርኤስ ከሆነና ባይንድ አልሆን (እርስበርስ አልገናኝ) ካለ የሪሞቱንና የሪሲቨሩን ፈርምዌር እዩ፣ አንዱ 2 ሌላው 3 ከሆነ አይግባቡም። ጋዝ ስትሰጡ ሌላ ቻናል ሚንቀሳቀስ ከሆነ የቻናል ማፑን ቀይሩት፣ በቃ።

አርም አላደርግም ይላል
አርም ማለት ሞተሮቹ ለመብረር እንዲነሱ መፍቀድ ነው። እዚ ጋ ግምት አያስፈልግም፣ ቤታፍላይት ላይ ሲኤልአይ (ትእዛዝ ሚጻፍበት ገጽ) ገብታችሁ ስታተስ ብላችሁ ጻፉ፣ ለምን እንደከለከለ ራሱ ይነግራችኋል። ትሮትል ካለ የጋዙ ዘንግ ታች አልደረሰም፣ ሪሲቨር ገጽ ላይ ያለው ቁጥሩ ከ1050 በታች መውረድ አለበት። አርኤክስሎስ ካለ ሪሲቨሩ ሲግናል የለውም። አንግል ካለ ድሮኑ ዘንበል ብሎ ተቀምጧል። ኤምኤስፒ ካለ ደግሞ ከኮምፒውተሩ ጋር ስለተገናኘ ነው፣ ዩኤስቢውን ንቀሉት።

ጠረጴዛ ላይ ፕሮፔለር ሳይገጠም ሞተሮቹ በራሳቸው እየፈጠኑ ይሄዳሉ
ይሄ ብዙ ሰው ያስደነግጣል ግን ብልሽት አይደለም። ቦርዱ ትንሽ መዛነፍ ያይና ለማስተካከል ሞተር ይጨምራል፣ ፕሮፔለር ስለሌለ ደግሞ ምንም አይስተካከልም፣ ስለዚ እየጨመረ ይሄዳል። አየር ላይ እንዲ አይሆንም፣ ምንም አትቀይሩ።

ሊነሳ ሲል ወዲያው ይገለበጣል
እዚ ላይ ጊዜ ውሰዱ፣ ጀማሪ ሁሉ ሚያልፍበት ነው። ቦርዱ ሊያስተካክል ብሎ ሚያዘው ትእዛዝ የተሳሳተ ሞተር ጋ ይደርስና ጭራሽ ያባብሰዋል። በቤታፍላይት መደበኛ አቀማመጥ 1 ቁጥር ሞተር የኋላ ቀኝ፣ 2 የፊት ቀኝ፣ 3 የኋላ ግራ፣ 4 የፊት ግራ ነው። ሞተርስ ገጽ ላይ አንድ በአንድ ቀስ ብላችሁ አሽከርክሩ፣ 1 ስትሉ የኋላ ቀኙ ካልዞረ ቁጥሩን አስተካክሉ። ከዛ አቅጣጫ፦ 1 እና 4 በሰዓት አቅጣጫ፣ 2 እና 3 በተቃራኒው። አይታችሁ መለየት ካልቻላችሁ ሞተሩ ላይ ትንሽ ፕላስተር እንደ ባንዲራ ለጥፉበት፣ ወዴት እንደሚዞር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሚዞረው በተቃራኒው ከሆነ ከሶስቱ ሽቦ ሁለቱን አቀያይሩ ወይ እዛው ቤታፍላይት ላይ አቅጣጫውን ቀይሩት።

ቀጥሎ ፕሮፔለሩ፦ ጽሁፍ ያለበት ፊት ወደ ላይ፣ ከፍ ያለው ጠርዝ ሞተሩ ወደሚዞርበት ይቅደም። እሱም ልክ ሆኖ ከተገለበጠ ቦርዱ ዞሮ ታስሮ ይሆናል። ድሮኑን በእጃችሁ ወደፊት አዘንብሉትና ስክሪኑ ላይ ያለውን ስእል እዩ፣ ወደ ጎን ካዘነበለ የቦርድ አላይመንቱን (ቦርዱ የታሰረበትን አቅጣጫ) በ90 ወይ በ270፣ ወደኋላ ካዘነበለ በ180 ዲግሪ አስተካክሉ።

አንዱ ሞተር ይንቀጠቀጣል እንጂ አይዞርም
ከሶስቱ ሽቦ አንዱ በደንብ አልያዘም ማለት ሊሆን ይችላል። ሶልደሩ ላይ ፍላክስ (ሶልደሩ በደንብ እንዲይዝ ሚረዳ ቅባት) አድርጋችሁ እንደገና አሙቁት፣ ደብዛዛና እብጥ ያለ ከሆነ ውስጡ አልገባም። ካልሆነ ሞተሩን ከሌላ ክንድ ሞተር ጋር አቀያይሩት፣ ችግሩ ሞተሩን ተከትሎ ከሄደ ሞተሩ ነው፣ እዛው ከቀረ ኢኤስሲው (የሞተሩን ፍጥነት ሚቆጣጠረው) ነው።

ይበራል ግን ሞተሮቹ ይግላሉ፣ ድምጹም ይንጫጫል
አንድ ሞተር ብቻ ከጋለ ብሎኑን ፍቱና እዩት፣ የረዘመ ብሎን የሞተሩን ጥቅል ሽቦ ይነካል፣ ሞተሩን ያቃጥላል። አራቱም ከጋሉ የተጣመመ ፕሮፔለር ወይ የላላ ብሎን ፈልጉ፣ ሁሉም ደህና ከሆነ ያኔ ነው ከፒአይዲ ቁጥሮች ውስጥ ዲ ቁጥሩን ትንሽ ትንሽ እያላችሁ ምትቀንሱት።

ወደ አንድ ጎን ይሄድብኛል
አክሮ ሞድ ላይ ከሆናችሁ ራሱን አያስተካክልም፣ እንደዛ ነው የተሰራው። ራሱን ለጥ አድርጎ ሚያስተካክለው አንግል ሞድ ላይም ከሄደ ለጥ ያለ ቦታ አስቀምጣችሁ አክሰለሮሜትሩን (ዘንበል ማለቱን ሚለየውን ሴንሰር) ካሊብሬት አድርጉ፣ ንፋስ ካለ ደግሞ አንግል ሞድም ቢሆን ይወስደዋል።

ሁሉም ተስተካክሎ ውጪ ከመውጣታችሁ በፊት ፌልሴፉን (ሲግናል ሲጠፋ ድሮኑ ምን እንደሚያደርግ ሚወስነውን) ሞክሩት። ፕሮፔለሩን አውልቃችሁ አርም አድርጉ፣ ጋዝ ትንሽ ስጡና ሪሞቱን አጥፉ። ሞተሮቹ በትንሽ ሰከንድ ውስጥ ካልቆሙ ሲግናል ሲጠፋ ድሮኑ ዝም ብሎ ይሄዳል ማለት ነው፣ ሰው ላይም ሊያርፍ ይችላል፣ ስለዚ ፌልሴፍ ገጽ ላይ ድሮፕ ሚለው መመረጡን አይታችሁ እስኪቆሙ ድረስ ደጋግማችሁ ሞክሩ፣ ያለዛ ፕሮፔለሩን አትግጠሙት።