የቤት ሳይክል ሲያስቸግራችሁ፦ ከጉልበት ህመም እስከ ፔዳል ድምፅ

ብዙ ሰው የቤት ሳይክል ገዝቶ ብዙም ሳይቆይ የሚተወው ስለሚያመው ነው። ጉልበቱን ይወጋዋል፣ እጁ ይደነዝዛል፣ መቀመጫው ያቆስለዋል፣ ከዚያ «ይሄ ነገር ለእኔ አይሆንም» ይልና ጥግ ያስይዘዋል። ያሳዝናል፤ ምክንያቱም አብዛኛው ህመም የሚመጣው ሳይክሉ በልካችን ሳይስተካከል ስለምንነዳው ነው፣ ማስተካከሉ ደግሞ ገንዘብ አይጠይቅም። ከሚሰማችሁ ነገር እንነሳ።

ጉልበቴን ከፊት በኩል ያመኛል

መጀመሪያ የምጠረጥረው መቀመጫው ዝቅ ማለቱን ነው። ዝቅ ሲል ጉልበት ከሚገባው በላይ ታጥፎ ይገፋል፣ ጫናው ሁሉ የጉልበት ሎሚ ላይ ያርፋል። «ስቀመጥ እግሬ መሬት ይድረስ» ብላችሁ አውርዳችሁት ከሆነ፣ መድረስ የለበትም።

እንዲህ አድርጉ። የምትነዱበትን ጫማ አድርጋችሁ ሳይክሉ ላይ ውጡና ተረከዛችሁን ፔዳሉ ላይ አሳርፉ። ፔዳሉን እስከ ታች አውርዱት። እግራችሁ ቀጥ ማለት አለበት፣ ዳሌያችሁ ግን ወደ ጎን መዘንበል የለበትም። አሁን ከጣቶቻችሁ ሥር ያለውን ሰፊውን የእግራችሁን ክፍል ፔዳሉ መሃል ላይ ስታደርጉ፣ ጉልበታችሁ ታች ላይ ትንሽ እጥፍ ይላል፤ ከ25 እስከ 35 ዲግሪ ከሆነ ጥሩ ነው።

ቁጥር ለሚወድ ደግሞ የፈረንሳዩን የሳይክል ውድድር ቱር ደ ፍራንስን 3 ጊዜ ያሸነፈው አሜሪካዊው ግሬግ ለሞንድ ያስታወቀው ስሌት አለ። ጫማ አውልቃችሁ ግድግዳ ተደግፋችሁ ቁሙ፣ መጽሐፍ በእግሮቻችሁ መሃል እስከ ላይ አስጠጉ፣ ከመጽሐፉ የላይ ጠርዝ እስከ ወለሉ ለኩና በ0.883 አባዙት። 80 ሴንቲሜትር ከሆነ 70.6 ይመጣል። ፔዳሎቹ ከሚዞሩበት መሃል እስከ መቀመጫው አናት ያለው ርቀት ይሄ ነው። እንደ መነሻ ያዙት፤ ሁሉም ሰው ላይ ልክ አይመጣም።

ከፍታው ተስተካክሎም ካመማችሁ አነዳዳችሁን እዩ። ብዙዎቻችን ጠንካራ ስፖርት የሠራን የሚመስለን የፔዳሉን ክብደት ጨምረን በግድ ስንገፋ ነው፣ ይሄ ግን የጉልበታችንን መገጣጠሚያ ይጎዳል። ክብደቱን ቀንሱና ፍጥነቱን ጨምሩ። በ15 ሰከንድ ውስጥ ቀኝ እግራችሁ ስንት ጊዜ እንደሚወርድ ቁጠሩ፤ ከ20 እስከ 23 ከሆነ በደቂቃ ከ80 እስከ 92 ዙር ማለት ነው፣ ለአብዛኛው ሰው የሚስማማ ፍጥነት ነው። ጀማሪ ከሆናችሁ ከ70 ተነሱ። ጉልበታችሁ ካበጠ ወይም አርፋችሁም ህመሙ ካልተሻላችሁ ግን ሐኪም ጋ ሂዱ።

ከጉልበቴ ጀርባ ይስበኛል፣ ዳሌዬም ይወዛወዛል

ይሄ ከላይ ያየነው ተቃራኒ ነው፣ የመቀመጫው ከፍታ በዝቷል። በግማሽ በግማሽ ሴንቲሜትር አውርዱ፣ ዳሌያችሁ ረግቶ ሲቀመጥ አቁሙ።

መቀመጫው ያቆስለኛል

በመጀመሪያዎቹ ቀናት የመቀመጫ አጥንት ቢያማችሁ ያለ ነው፣ ይለመዳል። መደንዘዝ ግን መለመድ የለበትም። አብዛኛውን ጊዜ የመቀመጫው አፍንጫ ወደ ላይ ስለቀና ነው፤ አግድም እንዲሆን አስተካክሉት። በየ10 ደቂቃው ለጥቂት ሰከንድ ቆማችሁ ንዱ፣ ደም ይዘዋወር። ወፍራምና ለስላሳ ሽፋን መግዛት ሁልጊዜ አይጠቅምም፤ ሰውነት ሲሰምጥበት ለስላሳውን ሥጋ ይበልጥ ይጫናል። ስፖንጅ ያለው የሳይክል ቁምጣ ይሻላል፣ እሱም ያለ ውስጥ ሱሪ ነው የሚለበሰው።

እጄ ይደነዝዛል

ክብደታችሁን እጃችሁ ተሸክሞታል። እጀታውን ከፍ አድርጉ፣ ክርናችሁን አላሉ። የመቀመጫው አፍንጫ ወደ ታች ካዘነበለም ሰውነታችሁ ወደ ፊት ይንሸራተታል።

ቶሎ ትንፋሽ ያጥረኛል

አዲስ አበባ ከባህር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው፤ ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን ለእረፍት የመጣ ሰው እዚያ የለመደውን ያህል መንዳት ሲያቅተው አይደንግጥ። ቤት ውስጥ ደግሞ የሚያቀዘቅዝ ነፋስ የለም። መስኮት ክፈቱ፣ ቬንትሌተር ካለ ወደ ራሳችሁ አዙሩት፣ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር በምትችሉበት መጠን ንዱ። ደረት ላይ ህመም ወይም ማዞር ካለ ግን ወዲያው አቁሙና ሐኪም ጋ ሂዱ።

ፔዳሉ ቀጭ ቀጭ ይላል

አብዛኛውን ጊዜ ፔዳሉ ላልቶ ነው። እንደላላ ከነዳችሁት የሚታሰርበትን ጥርስ ይበላዋል፣ ከዚያ በኋላ ማጥበቅ አይረዳም። 15 ቁጥር ቁልፍ ይበቃል። አንድ ነገር ግን አትርሱ፦ የግራው ፔዳል የሚጠብቀው በተቃራኒው፣ ከሰዓት አቆጣጠር በተቃራኒ ሲዞር ነው። ይሄን ባለማወቅ የተበላሸ ሳይክል ብዙ ነው።

ፉጨት ከሆነ ግን ከባዱን ጎማ የሚጫነው የፍሬን ጨርቅ ደርቋል። ጥቂት የሲሊኮን ቅባት ያረጥበዋል።

ገና ልገዛ ነው

ከዋጋው በፊት ማስተካከያውን እዩ። መቀመጫው ወደ ላይና ታች ብቻ ሳይሆን ወደ ፊትና ኋላም ይሂድ፣ እጀታውም ከፍ ዝቅ ይበል። ቤት ውስጥ ቁመታችሁ የተለያየ ከሆነ ይሄ ከስክሪንና ከሙዚቃው ሁሉ ይበልጣል። ኮንዶሚኒየም ለሚኖር በማግኔት የሚከብድና በቺንጋ የሚዞረውን እመክራለሁ፤ በካቴናና በፍሬን ጨርቅ ከሚሠራው በጣም ጸጥ ይላል። ክብደቱ በእጅ የሚቀያየር ከሆነ መብራት ቢጠፋም ይነዳል። ከአሜሪካ የሚመጣላችሁ ከሆነ ቻርጀሩ ላይ 100-240 ቮልት መባሉን አንብቡ፤ 120 ብቻ ካለ እዚህ ይቃጠላል።

ያገለገለ ስትገዙ ሻጩን አታፍሩት። ውጡበትና 10 ደቂቃ ንዱ። ከዚያ ውረዱና ፔዳሉን የያዘውን ብረት ወደ ጎን ነቅንቁት፤ ከተነቃነቀ ኩሽኔታው አልቋል ወይም ቡሎኑ ላልቷል፣ ዋጋውን ከመነጋገራችሁ በፊት ሻጩ አሠርቶ ይስጣችሁ።