ከባድ የተራራ ጉዞ በአዲስ አበባ ዙሪያ፦ ዕቅዱ ከመውረጃው ይጀምራል

ከአዲስ አበባ ጠዋት ተነሥቶ ማታ ለመመለስ፣ ጉልበትንም ዕቅድንም የሚፈትኑት ተራሮች በምዕራብ ወጨጫ (3,385 ሜትር)፣ በደቡብ ምሥራቅ ደግሞ የረር (3,100 ሜትር ገደማ) ናቸው። እንጦጦም 3,200 ሜትር አካባቢ ይደርሳል፤ ግን አስፋልቱ ላይ ድረስ ስለሚወጣ እግር ለማፍታታት እንጂ ለዚህ ዓይነቱ ጉዞ አይቆጠርም። የሚከተለው በአብዛኛው ወጨጫን ይመለከታል፤ የረር የሚለይበት ቦታ ላይ እንጠቅሰዋለን።

ብዙ ሰው ዕቅዱን የሚጀምረው ከጫፉ ነው፦ «እስከ ላይ ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ችግር የሚፈጠረው ግን ሲወረድ ነው። ስንወጣ ሸንተረሮቹ ሁሉ ወደ አንድ ጫፍ ይሰበሰባሉ፤ መንገድ ብንስትም ሽቅብ እስከሄድን ድረስ መድረሻው ያው ነው። ስንወርድ እነዚያው ሸንተረሮች ይበታተናሉ። ከወጨጫ ጫፍ በስተ ምዕራብ ወደ ሱባ ደን መውረድ የነበረበት ሰው፣ ገና ከላይ የሳተው ትንሽ አቅጣጫ በስተ ደቡብ ወደ ሰበታ ወይም በስተ ሰሜን ወደ ሆለታ መንገድ ያወጣዋል። መኪናው ግን ሱባ ነው የቆመው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚመረጠው መውረጃው ነው፤ መውጫው ከዚያ በኋላ ይመጣል። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሄዱ ከሆነ በወጣችሁበት ውረዱ። በአንድ በኩል ወጥቶ በሌላ መውረድ ሁለቱንም መንገድ ለሚያውቅ ሰው ይቆይ።

ካርታው ላይ ምን ይታያል?

በ1፡50,000 የታተመውን የአገሪቱን ካርታ ያዙ። 2 ሳንቲሜትር አንድ ኪሎ ሜትር ነው፤ በሁለት የከፍታ መስመሮች መካከል ያለው ልዩነት 20 ሜትር ነው። ማስመሪያ አውጥታችሁ በመስመሮቹ መካከል ያለውን ርቀት ለኩ። 1 ሚሊሜትር ከሆነ ዳገቱ 22 ዲግሪ ያህል ነው፤ ያደክማል እንጂ ያስኬዳል። ግማሽ ሚሊሜትር ከሆነ ግን 39 ዲግሪ ይጠጋል። እዚያ ላይ እጅም ያስፈልጋል፤ አፈሩ ርጥብ ከሆነ ደግሞ በዚያ መውረድ አይታሰብም። መስመሮቹ የሚደብቁትም ነገር አለ፦ 15 ሜትር የሚሆን ቀጥ ያለ ገደል በሁለት መስመሮች መካከል ተደብቆ ሊቀር ይችላል። ወጨጫም የረርም የጠፉ እሳተ ገሞራዎች ስለሆኑ እንዲህ ያለ የዓለት እርከን አይጠፋባቸውም። ካርታውን ከሳተላይት ምስል ጋር አስተያዩት፤ ጥላ ጥሎ የሚታይ ቀጭን ጥቁር መስመር ብዙውን ጊዜ ገደል ነው።

የድሮዎቹ ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው የልኬት መነሻ ሲሆን ስልካችሁ የሚጠቀመው ሌላ ነው። ከካርታው የተነበበ ነጥብ እንዳለ ስልክ ላይ ቢገባ ከ100 ሜትር በላይ ይዛነፋል። ሜዳ ላይ ምንም አይደለም፤ ሸንተረር ላይ ግን ሌላ ሸለቆ ውስጥ ሊከት የሚችል ልዩነት ነው። መለወጫ ያለው መተግበሪያ ተጠቀሙ፤ ወይም ነጥቦቹን ከሳተላይት ምስሉ ላይ በቀጥታ ውሰዱ።

ሰዓቱን ወደ ኋላ መቁጠር

የስኮትላንዱ ተራራ ወጪ ዊልያም ኔይስሚዝ በ1892 እ.ኤ.አ. ያወጣው ስሌት ዛሬም ይሠራል፦ ለ5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ ለ600 ሜትር ዳገት ተጨማሪ አንድ ሰዓት። እንበልና መነሻችሁ 2,400 ሜትር ላይ ነው፤ እስከ ጫፉ ያለው መንገድ 8 ኪሎ ሜትር ነው። ለርቀቱ 1 ሰዓት ከ36 ደቂቃ፣ ለ985 ሜትሩ ዳገት 1 ሰዓት ከ38 ደቂቃ፣ በድምሩ 3 ሰዓት ከ14። ይህ ግን መንገዱ ጥሩ፣ እግሩም የለመደ ሲሆን ነው። ደን ውስጥ ሥር እየረገጡ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ በሳሳ አየር እየተነፈሱ ለሚሄዱ አንድ ተኩል እጥፍ አድርጉት፤ 4 ሰዓት ከ50 ይሆናል። ለቁልቁለቱ ርቀቱን ብቻ በዚያው አንድ ተኩል እጥፍ ስታሰሉ 2 ሰዓት ከ24 ይመጣል፤ ቀጥ ላለው ቁልቁለት በየ300 ሜትሩ 10 ደቂቃ ስትጨምሩበት 3 ሰዓት ይጠጋል። መውረድ ቀላል ነው ብሎ ለመውጫው ግማሽ ጊዜ ብቻ የሚመድብ ጉልበቱን አልቆጠረም።

አሁን ከማታ ጀምራችሁ ወደ ኋላ ቁጠሩ። እንደ ወሩ ጸሐይ የምትጠልቀው ከ12 እስከ 12፡45 ባለው ጊዜ ነው። ደን ውስጥ ደግሞ ከዚያ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ይጨልማል። ስለዚህ ከቀኑ 10 ሰዓት ታች መገኘት ያስፈልጋል። ከጠዋቱ 12፡30 ከተነሣችሁ ከግማሽ ሰዓት ዕረፍት ጋር 5፡50 ላይ ጫፉ ላይ ትሆናላችሁ፤ ከዚያ ቢዘገይ በ6፡30 ብትነሡ በ9፡30 አካባቢ ታች ናችሁ። የመመለሻ ሰዓታችሁ 6፡30 ነው፦ ጫፉ ሁለት መቶ ሜትር ቢቀረው እንኳ ሰዓቱ ሲደርስ ፊታችሁን አዙሩ። ይህን ጠዋት ቡና ላይ ተነጋግራችሁ ጨርሱት። እዚያ ላይ ከተጀመረ ሁልጊዜ «ትንሽ ብቻ ነው የቀረን» የሚለው ያሸንፋል።

የስልኩን የአየር ትንበያ ስታነቡ ሰዓቱን ወደ እኛ መልሱት። «13፡00 ነጎድጓድ» ማለት 7 ሰዓት ነው። ተራ ስህተት ይመስላል፤ ቡድን በሙሉ ሲሳሳትበት ይታያል።

ወቅቱና መብረቁ

ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይመረጣል። መጋቢትና ሚያዝያ የበልግ ዝናብ ያመጣሉ፤ ሐምሌና ነሐሴ ጨርሶ አይሞከሩም። ደመናው የሚከማቸው ከቀትር በኋላ ስለሆነ የ6፡30ው መመለሻ ለጨለማው ብቻ የተቀመጠ አይደለም። ብልጭታውን ካያችሁ በኋላ እስከ ድምፁ ቁጠሩ፤ ሦስት ሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። ከ30 በታች ከሆነ ከሸንተረሩ ውረዱ፤ ብቻውን ከቆመ ዛፍ ሥር ግን አትጠለሉ።

በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ ከተማው 20 ሲሆን የወጨጫ ጫፍ 13 አካባቢ ነው፤ ነፋስና እርጥበት ሲጨመርበት ከዚያም ይብሳል። ጂንስ አትልበሱ፤ ከረጠበ አይደርቅም።

የረር ላይ ችግሩ ሌላ ነው፦ ጥላ የለም፣ ውሃ የለም፣ መዳረሻው ደግሞ ጥቁር አፈር ነው። ዝናብ ከነካው ጫማ ላይ እየተለጠፈ በአንድ ሰዓት የሚታለፈውን ሜዳ ሁለት ሰዓት ያስፈጃል። ጥቅምትና ኅዳር ጤፉ ስላልታጨደ ጂፒኤሱ ያሰመረውን ቀጥታ መስመር ተከትላችሁ ማሳ አትቁረጡ፤ በድንበሩ ዙሩ።

ፈቃድና ጥያቄ

የመናገሻ ሱባ ደን በኦሮሚያ ደንና ዱር እንስሳት ድርጅት ሥር ነው፤ መግቢያ ይከፈላል፣ አስጎብኚም እዚያው ይጠየቃል። የአካባቢውን ጸጥታ በምትሄዱበት ሳምንት ከቀበሌው አጣሩ፤ ያለፈው ወር ወሬ አይበቃም። ከቡድኑ አንድ ኦሮምኛ የሚናገር ሰው ቢኖር ብዙ ነገር ይቀላል። እረኛ ስትጠይቁ «ይህ መንገድ ጫፍ ያደርሳል?» አትበሉ፤ እንግዳን ላለማሳፈር «አዎ» ይባላል። «ይህ መንገድ ወዴት ይሄዳል?» ብላችሁ ዝም በሉ። የእረኛ ውሻ ከመጣ አትሩጡ፤ ጎንበስ ብሎ ድንጋይ ማንሣት አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል።

የሚያዝ

ለአንድ ሰው 3 ሊትር ውሃ፣ ለየረር 4። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፤ በሶው ምንም ማብሰል ሳያስፈልገው በጥቂት ውሃ ይበላል። የዝናብ ልብስ፣ ሹራብ፣ የግንባር ባትሪ፣ ፓወር ባንክ፣ ፋሻ። ዱላ ለቁልቁለቱ ነው፦ የወደቀ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ልጣጭ ደረቅ ሳለ እንኳ ያንሸራትታል። ሸለቆ ውስጥ ስልክ ኔትወርክ ሲፈልግ ባትሪውን ይጨርሳል፤ ዝጉትና ሸንተረር ላይ ክፈቱት። ስትወጡ በየመንታው ነጥብ መዝግቡ፤ ዞር ብላችሁም ፎቶ አንሡ፤ ሲመለሱ የሚታየው በዚያ በኩል ነው።

ቤት ለሚቀር ሰው መነሻውን፣ መውረጃውን፣ የቡድኑን ቁጥርና የመኪናውን ሰሌዳ ጽፋችሁ ተዉለት። እስከ 12 ሰዓት ካልደወላችሁ መጀመሪያ አስጎብኚውን ወይም የደኑን ጥበቃ፣ እስከ 1 ሰዓት ካልተገኛችሁ 991 ፖሊስን እንዲጠራ ንገሩት፤ ጉዳት ካለ ደግሞ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።